ሽንኩርቱን ማን አስወደደው?

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ነን፤ እኔና የእህቴ ልጅ። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ ፍሬሽማን ናት፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ማክሰኞ የኢኮኖሚክስ ፈተና አለባት። ትናንት ማታ ደብተሯን ታቅፋ መጥታ «አጎቴ፣ ግራፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ» አለችኝ። ጠዋት ዘምቢል አስያዝኳትና ይዣት ወጣሁ። እናቷ «ልታስጠናት ነው ልታሸክማት?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ነበር ያሰብኩት።

ቀይ ሽንኩርት የዘረጉ አንዲት እናት ጋ ቆምን።

«እትዬ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ?»

ነገሩን። ካለፈው ቅዳሜ በኪሎ 20 ብር ጨምሯል። ከኋላችን የቆመ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «አያችሁ! ሃይ ባይ የለ፤ ነጋዴው እንዳሻው ይቆልላል!» ሴትዮዋ ሚዛናቸውን አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ እኔም ገዝቼ ነው። ከዚህ ወዲያ አያዋጣኝም» አሉት። ሰውዬው እየተነጫነጨ ሄደ። ሁለት ኪሎ ግን ገዝቶ ነው የሄደው።

«ይሄን ጻፊው» አልኳት። «የፈተናሽ ግማሽ እዚህ አለ።»

ነገር ሲወደድ አፋችን ላይ የሚመጣው «ማነው ያስወደደው?» ነው። ኢኮኖሚክስ ግን «ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጀምራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «ማን» ያለ ሰው አንድ ጥፋተኛ ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። «ምን» ያለ ሰው ጆንያው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ይከተላል። ስግብግብ ነጋዴ የለም እያልኩ አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ነጋዴው ባለፈው ሳምንትም ስግብግብ ነበር። ታዲያ ለምን ባለፈው ሳምንት አልጨመረም?

ሁለት እግር፣ አንድ ዛፍ

መጽሐፉ የሚጀምረው «ስኬርሲቲ» በሚል ቃል ነው፤ እጥረት። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይንሸራተታል። እጥረት ሲባል ድህነት ይመስለዋል። አይደለም። የምንፈልገው ካለን ይበልጣል ማለት ብቻ ነው። ዐፄ ፋሲልም ቢሆኑ ዛሬ ግንቡ ላይ የዋለ ግንበኛ ዛሬውኑ ድልድይ ሊሠራላቸው አይችልም። ንጉሥም ይመርጣል።

የመረጠ ሰው ደግሞ የሚተወው ነገር አለ። ወጪ ማለት ያ የተተወው ነው፤ ከተተዉት ሁሉ የተሻለው። ደብተሯ ላይ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ተብሎ ተጽፏል። የታለፈ ዕድል ዋጋ ብንለው ያስኬዳል። አባቶቻችን ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ጨርሰውታል።

«የዛሬ ጠዋት ስንት አስወጣሽ?» አልኳት።

«የባጃጅ ብቻ።»

«እንቅልፍሽስ?»

«ውይ፣ እሱማ ውድ ነው።»

ገባት ማለት ነው። ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን ራሱን እንድታሰላ ጠየቅኳት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬ ከኪሱ ብዙ አይከፍልም፤ ኮስት ሼሪንጉም፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራቱ፣ የሚመጣው ከተመረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በነጻ ይመስላል። ግን አብሯት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረው ጎረቤቷ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። እሷ ክፍል ስትገባ እሱ ከአራዳ አዘዞ እየተመላለሰ የዕለት ገቢ ያገኛል። የእሷ የትምህርት ወጪ በአብዛኛው ያ የማታገኘው ገቢ ነው። የዶርም ምግቧማ ቤት ብትቀመጥም መብላቷ አይቀርም፤ ስለዚህ ወጪ ተብሎ አይቆጠርም። ፈተና ላይ ይቺን ይወዷታል።

ይሄ ነገር ወንድም አለው። እሱን ከራሴ ሕይወት ነው የተማርኩት፤ በውድ ዋጋ። የዛሬ ስንት ዓመት ያገለገለ ባጃጅ ገዛሁ። ወር ጠብቆ ጋራዥ ይገባል። ዛሬ ካምብዮ፣ ነገ ፒስተን። «ሽጠው» ሲሉኝ «ይሄን ሁሉ አውጥቼበት?» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አስታመምኩት። ያወጣሁት ገንዘብ ግን ብሸጠውም ባልሸጠውም አይመለስም። መጠየቅ የነበረብኝ ከዛሬ ወዲያ ስንት ይበላል፣ ስንት ያስገባል የሚለውን ብቻ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቅና ባጃጅ መሸጥ ግን ይለያያሉ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከገበያው ዳር ጀበና ቡና አለ። ቁርስ ሳንበላ ነበር የወጣነው። አቦሉ ሲመጣ ልጅቷ ስኒውን በሁለት እጇ ያዘችው። በዚያች ደቂቃ እጥፍ ዋጋ ቢጠይቋት ትከፍል ነበር። ቶናው ጥሩ ነው። በረካው ለጨዋታው ያህል ነው። አራተኛ ቢቀርብ በነጻም አልፈልግም፤ ልቤ ይመታል።

ይሄው ነው። ኢኮኖሚስቶች «ማርጂናል» የሚሏት አስፈሪ ቃል ትርጉሟ «የሚቀጥለው አንድ» ነው። ጥያቄው ቡና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። የሚቀጥለው ስኒ ለኔ ምን ያህል ይጠቅመኛል የሚል ነው። እየደጋገምን ስንጠቀም የሚቀጥለው አንድ የሚሰጠው እርካታ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይቺ ትንሽ ሐሳብ አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ ፈትታለች። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ያነሳው ጥያቄ ነው። ውሃ ከሌለ ሰው ይሞታል፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። አልማዝ ባይኖር ማንም አይሞትም፤ ዋጋው ግን ሰማይ ነው። ለምን? ነገሩ ተፍታቶ የተብራራው ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1870ዎቹ ነው። ጎንደር የኖረ ሰው ግን ለዚህ መቶ ዓመት አያስፈልገውም።

ቧንቧ ሲጠፋ እናቴ ጄሪካኖቹን በረድፍ ታቆማቸው ነበር። የመጀመሪያው ለመጠጥና ለወጥ። እሱን መንካት አይቻልም። ሁለተኛው ለፊትና ለእጅ። ሦስተኛው ለዕቃ። የዕቃው እጣቢ አይደፋም፤ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። ልብስ የሚታጠበው ከዚያ ከተረፈ ነው። ውሃው ሲመጣ ደግሞ ያቺው እናት ግቢው እንዳይቦን ብላ በባልዲ ትረጨዋለች። ውሃው ያው ነው፤ ጥማታችንም ያው። የተለወጠው ስንተኛው ጄሪካን ላይ እንዳለን ነው። ውሃ በሞላበት ቀን የሚቀጥለው ጄሪካን ለአቧራ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። በጠፋበት ቀን የሚቀጥለው ጄሪካን ለሻይ ነው፤ ስለዚህ ባለ ጋሪው የጠራውን እንከፍላለን። ዋጋ የሚከተለው ያንን የመጨረሻውን ጄሪካን ነው። «ውሃ ሕይወት ነው» የሚለው መፈክር ዋጋውን አይወስነውም።

የጆንያው መንገድ

ወደ ሽንኩርቱ እንመለስ። ጎንደር ገበያ የሚወጣው ሽንኩርት ብዙው ከፎገራና ከሊቦ ከምከም፣ ከጣና ዙሪያ ይመጣል፤ በበጋ በመስኖ የሚለማ ነው። በምርቱ ሰሞን ይረክሳል። ክረምት ሲገባ ሽንኩርት በማሳም በመጋዘንም ይበሰብሳል፤ ይወደዳል። አንዳንዴ ከሱዳን በመተማ በኩልም ይገባ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ያ በር ጠበበ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ በአቅርቦት በኩል ያለው ነው።

በፍላጎት በኩል ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ሽሮና ምስር ይፈለጋል። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ እግሯን ታስራ ስትመጣ ዋጋዋም አብሮ ይመጣል። ዶሮ ስትፈለግ ሽንኩርትም ይፈለጋል፤ ያለ ሽንኩርት ዶሮ ወጥ የለምና። አብረው የሚሄዱ ነገሮች የአንዱ ፍላጎት ሌላውን ይጎትታል። የሚተካኩት ግን ተቃራኒ ናቸው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ የሚቀላቅለው ሰው ይበዛል፤ የፎገራ ሩዝ ለእንጀራ መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ተማሪ በብዛት የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት። ልጅቷ ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል። ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል።» ስታነበው ልክ ይመስላል። እንግዲያው ዋጋ የጨመረ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል ማለት ነው! ገበያው ግን እንዲህ አይልም።

ስህተቱ «ፍላጎት» የምትለው ቃል ሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም መያዟ ነው። ሽንኩርት ስለተወደደ ብቻ ከሁለት ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ ብወርድ ፍላጎቴ አልተለወጠም። ያው ሰው ነኝ፤ ያው ደሞዝ፤ ያው ወጥ። የተለወጠው የምገዛው መጠን ነው። ግራፉ ላይ ዋጋንና የምገዛውን መጠን በሚያገናኘው በዚያው መስመር ወደ ላይ ተንሸራተትኩ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ዋጋው ባይለወጥም ከበፊቱ የበለጠ መግዛት እፈልጋለሁ። ያኔ መስመሩ ራሱ ቦታውን ለቀቀ። የመጀመሪያው መንሸራተት ነው፤ ሁለተኛው የመስመሩ መዛወር ነው። ዋጋን የሚገፋው ሁለተኛው ነው። ፈተና ላይ ሲደናገርሽ አንድ ነገር ጠይቂ አልኳት፦ የለወጠኝ የዕቃው የራሱ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ዋጋው ከሆነ መስመሩ አይነካም። ገቢ፣ በዓል፣ የሌላ ዕቃ ዋጋ፣ ወሬ ከሆነ መስመሩ ይነሳል።

ወሬም ይቆጠራል፤ ነገ ይወደዳል የተባለ ነገር ዛሬ ይወደዳል።

ቆይ፣ ዋጋው ሲጨምር ምን ይሠራል? እኔ ከሁለት ኪሎ ወደ አንድ ወረድኩ። ሊቦ ከምከም ያለው ገበሬ በሚቀጥለው መስኖ ከቲማቲም ይልቅ ሽንኩርት ልትከል ይላል። ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ የነበረው አይሱዙ ፊቱን ወደ ጎንደር ያዞራል። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈም። ያቺ 20 ብር ለሁላችንም በየቤታችን አንድ መልእክት አደረሰች፦ ሽንኩርት አንሷል። መልእክተኛውን ብንሰድበውም መልእክቱ ደርሷል።

መልእክቱ ፍጹም ነው እንዳትሉኝ። ገበሬው ሁሉ በአንድ ላይ ሰምቶ በአንድ ላይ ሲተክል በዓመቱ ምርቱ ይትረፈረፋል፤ ቲማቲም መንገድ ዳር የሚደፋው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የተናደደው ገበሬ በሚቀጥለው ሌላ ነገር ይተክላል፤ እንደገና ይወደዳል። ግብርና ዛሬ በታየ ዋጋ ተተክሎ ከወራት በኋላ በሚመጣ ዋጋ የሚሸጥ ሥራ ነው። መከራው እዚያ ላይ ነው።

ጥር 11 እና አልጋ

ጎንደር ለጥምቀት ስትሞላ የአልጋ ዋጋ ምን እንደሚሆን ለጎንደሬ አይነገረውም። እንግዳው «ዘረፋ ነው» ይላል። ነገሩን እንየው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከመስፈሩ በፊትም ቢሆን የፋሲል መዋኛ ዙሪያው በሰው ይጨናነቅ ነበር። የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። አልጋው ግን ለአንድ ሳምንት ብሎ አይወለድም፤ ሆቴል ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል። አቅርቦቱ ግትር ነው። እንግዳውም ቀን መቀየር አይችልም፤ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ወደ የካቲት አይገፋም። ፍላጎቱም ግትር ነው። ሁለት ግትር ሲገናኙ ዋጋው ብቻውን ይዘላል። ይቺ የመለጠጥና የመግተር ነገር «ኢላስቲሲቲ» ትባላለች። ጨው ግትር ነው፤ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ወጥ አልጫ አንበላም። ብርቱካን ይለጠጣል፤ ከተወደደ ሙዝ አለ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለኔ ስለ ግትር ፍላጎት ከተነገረው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ልብስ ሰፊዎቹም ያውቁታል። በጥር የመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ ተከራክሮ ያሸነፋቸው ሰው አላየሁም።

ታዲያ መንግሥት ዋጋውን ቢተምንስ? ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልሱ ቤንዚን ማደያ በር ላይ ቆሟል። የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት የሚወሰን ነው። የተወሰነው ዋጋ ገበያው ከሚደርስበት በታች ሲሆን የሚፈልገው ሰው ካለው ቤንዚን ይበልጣል። ዋጋው የማይለየውን ሌላ ነገር ይለየዋል፦ ሰልፍ፣ ትውውቅ፣ ወይም በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥ የጥቁር ገበያ ቤንዚን። ባለ ባጃጁ በተመኑ ገዛሁ ይላል፤ ግማሽ ቀን ተሰልፎ። ያ ግማሽ ቀን ቅድም ያልነው የታለፈ ዕድል ነው። ገንዘቡ ለማንም ሳይደርስ በፀሐይ ተቃጠለ። ይሄ ማለት ተመን በጭራሽ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ ብቸኛ ሻጭ ባለበት ገበያ ሌላ ታሪክ አለው። ግን እጥረቱን ተመን አያጠፋውም፤ መልኩን ይለውጠዋል እንጂ።

ደላላን በተመለከተ ደግሞ ሰዎች ሲሰድቡት እኔም እሰድባለሁ፤ ቤት ስከራይ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁ። ግን ደላላ የሚኖረው መረጃ ውድ ስለሆነ ነው። ቀበሌ 18 የሚከራይ ክፍል እንዳለ ባውቅ ኖሮ ደላላ ጋ አልሄድም ነበር።

እኔ ለምን ሽንኩርት እከትፋለሁ

ባለቤቴ ከኔ በላይ እንጀራ ትጋግራለች። ከኔ በላይ ሽንኩርትም ትከትፋለች። ታዲያ እኔ ኩሽና ምን አደርጋለሁ? «አትጠቅምም፤ ውጣ» የሚል መልስ የሚመጣ ይመስላል። አይደለም። ቁጥሩን እንየው። እሷ በአንድ ሰዓት ወይ 30 እንጀራ ትጋግራለች ወይ 6 ኪሎ ሽንኩርት ልጣ ትከትፋለች። እኔ ወይ 4 እንጀራ (ዓይን የሌለው) ወይ 2 ኪሎ ሽንኩርት።

እሷ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስትከትፍ 5 እንጀራ ይቀራል። እኔ አንድ ኪሎ ስከትፍ 2 እንጀራ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ዓይን የሌለው። ስለዚህ ሽንኩርቱ በኔ እጅ ይረክሳል። አንድ ሰዓት እኔ ሁለት ኪሎ ከከተፍኩ ቤቱ 4 እንጀራ ያጣል፤ ያንኑ እሷ ብትከትፈው 10 ያጣ ነበር። ስድስት እንጀራ አተረፍን፤ ዓይኔ ቢያለቅስም። ዴቪድ ሪካርዶ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ይሄንኑ በእንግሊዝ ጨርቅና በፖርቱጋል ወይን አሳይቷል። በሁሉም ነገር የሚበልጥ አገር እንኳ ከሚያንሰው ጋር ቢነግድ ሁለቱም ይጠቀማሉ። መተማና ሁመራ ሰሊጥ፣ ደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ ፎገራ ሩዝ፤ ሁሉም ሁሉን ቢዘራ ሁሉም ይደኸያል።

ዋጋ የማይናገረው ነገርም አለ። ጎንደር የምትጠጣው አንገረብ ግድብ ደለል እየገባበት ነው። ከላይ ተዳፋት መሬት የሚያርስ ገበሬ እህሉን ሲሸጥ የማሳውን ወጪ ያስባል፤ ዘርና በሬ። ከማሳው ታጥቦ ግድቡ ውስጥ የተኛው አፈር ግን በጤፉ ዋጋ ውስጥ የለም። የሚከፍለው ታች ያለው ባለ ጄሪካን ነው። ገበሬው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሂሳቡ ስለማይደርሰው ነው። እንዲህ ያለውን መልእክት ዋጋ አያደርስም፤ ሌላ መልእክተኛ ይፈልጋል። እርከን የሚሠራ ማኅበረሰብ፣ ሕግ፣ ወይም ለላይኛው ገበሬ የሚከፍል የታችኛው ከተማ።

ሁሉም ሲወደድ

«ሽንኩርት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለችኝ የእህቴ ልጅ። «ሁሉም እኮ ነው የጨመረው።»

ጥሩ አየች። ሽንኩርት ብቻውን ሲወደድ የሽንኩርት ጉዳይ ነው። ሽንኩርቱም ዘይቱም ኪራዩም የፀጉር ቤቱም አብረው ሲወደዱ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር ነው፦ ብሩን። ግሽበት የምንለው ይሄ ነው። ዕቃዎቹ ሁሉ ወደ ላይ የወጡ ይመስላሉ፤ መለኪያው ነው ያጠረው።

ጎንደር ዋና ከተማ ሳለች በነገሥታቱ ዘመን ገበያው ላይ ለምንዛሪ የሚዘዋወረው አሞሌ ጨው ነበር። ኋላ ላይ ደግሞ ማርትሬዛ መጣ፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት የብር ሳንቲም፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 እንደያዘ መታተሙ ቀጠለ፤ ሰው የለመደውን ብቻ ነበር የሚያምነው። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር። ቅርብ ሲሆን በዝቶ ይረክሳል፤ ሲርቅ አንሶ ይከብራል። ገንዘብም ዕቃ ነው፤ ሲበዛ ይረክሳል። የብር ኖትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ከሚመረተው ዕቃ ይልቅ የሚዘዋወረው ብር ሲፈጥን ዋጋ ይነሳል።

የኛን አገር ግሽበት ግን በዚህ ብቻ መግለጽ አይቻልም። ጦርነት መንገድ ይዘጋል፣ ማሳ ጦም ያሳድራል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ዘይት በዶላር ነው የሚገባው። በ2014 ዓ.ም. አገራዊው ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲፈቀድ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው በዚያ በኩል ይመጣል። የሚመጣበት መኪና ጎማም ጭምር።

ማን ይጎዳል? እቁብ የገባ ሰው ይሄን ከመጽሐፍ በላይ ያውቃል። አሥር ሰዎች በወር 1,000 ብር ይጥላሉ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ዛሬ 10,000 ብር ይወስዳል። የመጨረሻው ከዘጠኝ ወር በኋላ ያንኑ 10,000 ይወስዳል። ዋጋ በየወሩ 2 በመቶ ቢጨምር፣ የመጨረሻው ሰው የሚወስደው ብር የዛሬውን የ8,370 ብር ያህል ዕቃ ብቻ ነው የሚገዛው። ማንም አልሰረቀውም። ዳኛውም ጸሐፊውም ታማኝ ናቸው። ልዩነቱ ወደ ፊተኞቹ ሄዷል። የተበደረ ሰውም እንዲሁ ይቀለዋል፤ ያበደረው ይከብደዋል። ደሞዝተኛው ደግሞ ዋጋ 25 በመቶ ሲጨምር በ10,000 ብሩ የሚገዛው የ8,000 ብሩን ያህል ነው። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ቡናውን ከፍለን ተነሳን። ልጅቷ ወደ ሽንኩርቷ እናት ተመለሰች። ቅድም ያላየነውን ነገር አሁን አየች፤ ከመደቡ ጀርባ ለብቻው የተከመረ፣ የለሰለሰና የጠቆረ ሽንኩርት አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የበሰበሰ ነው?»

«መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ አደረ፤ ዝናብ መታው። ከ50 ኪሎ ጆንያ 10 ኪሎ እንዲህ ወጣልኝ።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። የ50 ኪሎውን ዋጋ ከ40 ኪሎ ላይ ነው የሚመልሱት። ገበሬው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ እሳቸውም አንድ ሳንቲም ሳያተርፉ፣ አንዱ ኪሎ በ25 በመቶ ተወዷል። ስልኩን አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ቁጥሩን አላነበቡትም።

«የኔ ልጅ፣ ማታ ማታ እኔም አስበዋለሁ» አሉ። «ግን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

አንድ ኪሎ መዘኑልን። ሚዛኑ ቀጥ ካለ በኋላ ሦስት ትላልቅ ሽንኩርት ጨመሩበት። «ምርቃት ነው» አሉ።

ባጃጅ ውስጥ ዘምቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አጎቴ» አለችኝ፤ «ምርቃቱን የትኛው ግራፍ ላይ ነው የማስገባው?»